ያበጠውን የስልኬን ባትሪ በጥንቃቄ ለቀየረችልኝ የደብረ ማርቆስ ባለሙያ የቀረበ ምስጋና

ይህን ምስጋና የምጽፈው በደብረ ማርቆስ፣ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ብዙም በማይርቅ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሞባይል ለምትጠግን አንዲት ወጣት ነው። ስሟን ያልጠቀስኩት ራሷ «ሥራው ይበቃል፣ ጋሼ» ብላ ስለከለከለችኝ ነው። ሱቋን ለማግኘት ግን ስም አያስፈልግም፤ በሯ አጠገብ አሸዋ የተሞላ ጣሳ የምታኖር ጠጋኝ ሌላ አላየሁም።

እኔ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ ነኝ። የአባላቱ ስልክ ቁጥር፣ የወር መዋጮው ሂሳብ፣ ማን ከየትኛው ለቅሶ እንደቀረ ሳይቀር የተመዘገበው አራት ዓመት ባገለገለኝ ስልኬ ላይ ነው (ደብተር ነበረን፤ ዝናብ አበላሸው)። ባለፈው ግንቦት ከአዲስ አበባ ስመለስ ስልኩን ቻርጀር ላይ እንደሰካሁት ከመኪናው የፊት መስታወት ሥር አኖርኩትና ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ወርደን ደጀን እስክንወጣ ድረስ ፀሐይ ሲመታው ቆየ። ባነሣው እንደ ምጣድ ፈጀኝ። ከቀናት በኋላም የጀርባ ክዳኑ ከጠርዙ ተነሥቶ፣ ስክሪኑም በአንድ ወገን ጎበጥ ብሎ አገኘሁት።

መጀመሪያ የወሰድኩት ወደ ሌላ ጠጋኝ ነበር። እርሱም ክዳኑን ከፍቶ ያበጠውን ባትሪ በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገና «አየሩን በመርፌ አስተንፍሼ ብመልሰው ጥቂት ወራት ይሠራል» አለኝ። ዋጋው ርካሽ ስለነበር እሺ ልለው ምንም አልቀረኝም፤ ያዳነኝ የራሴ ጥንቃቄ ሳይሆን መብራት ጠፍቶ «ነገ ተመለስ» መባሌ ነው።

በማግስቱ ወጣቷ ዘንድ ሄጄ ስለ መርፌው ሳነሣላት ደነገጠች። ሥራዋን ሳታቋርጥ እንዳስረዳችኝ፣ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ሁለት ስስ ገጾች ተጠቅልለው የሚገኙ ሲሆን እንዳይነካኩ የሚለያቸው ከፀጉር የቀጠነ የፕላስቲክ ሽፋን ብቻ ነው። ባትሪው ሲያረጅ ወይም ሲግል በውስጡ ያለው ፈሳሽ እየተበላሸ ጋዝ ይፈጥራል፤ እብጠቱም ይኸው በቀላሉ የሚቀጣጠል ጋዝ ነው። መርፌ ሲገባ ሽፋኑ ይቀደዳል፣ ገጾቹ ይገናኛሉ፣ ባትሪውም በራሱ ሙቀት መንደድ ይጀምራል። እንዳጋነነች ጠርጥሬ ስጠይቃት ሳምሰንግ በ2016 እ.ኤ.አ. ጋላክሲ ኖት 7 የተባለውን ስልክ በባትሪው መቃጠል ምክንያት ከገበያ ሰብስቦ ማምረቱን እስከ ማቆም መድረሱን አስታወሰችኝ።

ከሁሉ አስቀድማ የዕድሩን መዝገብ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጠችልኝ። ባትሪው ብዙ ቻርጅ እንደያዘ ስታይ ግን፣ የሞላ ባትሪ ቢቀደድ እሳቱ ከባዶው ስለሚበረታ፣ ስልኩን ጡብ ላይ አኑራ ቻርጁ እስኪወርድ ከአጠገቡ ሳትርቅ ጠበቀች። ከዚያም የባትሪውን ማያያዣ ነቅላ፣ ሙጫውን በአልኮል አላልታ፣ በብረት ሳይሆን በፕላስቲክ ማንሻ ቀስ እያለች አወጣችውና አሸዋው ውስጥ ቀበረችው። አሮጌውን ባትሪ ይዤ ልሂድ ብላት «ልጆች ያገኙታል» ብላ ከለከለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ሥራዋ ዝግ ያለ ነው፤ ጠዋት የሰጠኋትን ስልክ የተቀበልኩት ከሰዓት በኋላ ሲሆን ዋጋዋም ከመጀመሪያው ጠጋኝ ይበልጣል። ነገር ግን የባትሪውንና የእጅ ዋጋዋን ለየብቻ ነገረችኝ፤ ቻርጀሬንም ሳልጠይቃት መርምራ ሽቦው የተላጠ መሆኑን አሳየችኝ። ስልክ ከ35 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት እንዳይሠራበት አምራቾቹ እንደሚመክሩ፣ ጋቢ ወይም ትራስ ሥር ቻርጅ ማድረግ ሙቀቱን እንደሚያፍን፣ መብራት ሲጠፋም ቻርጀሩን ነቅሎ ኃይሉ ተመልሶ እስኪረጋጋ መጠበቅ እንደሚሻል የነገረችኝ ያኔ ነው። ቻርጁን ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ማቆየት የባትሪውን ዕድሜ ያረዝማል ያለችኝን ግን፣ መብራት በሚመላለስበት ከተማ ሁልጊዜ መፈጸም አልቻልኩም። እርጥብ ስልክ ጤፍ ውስጥ የሚቀብሩ ደንበኞቿ ደግሞ ከውኃው ይልቅ ከቻርጀር ቀዳዳው ጤፍ በመልቀም እንደሚያደክሟት በሳቅ አጫውታኛለች።

ስለዚህ ከሞጣም ሆነ ከቢቸና፣ ከፍኖተ ሰላምም ሆነ ከዚሁ ከማርቆስ፣ የስልኩ ክዳን የተነሣበት ሰው ወደ እርሷ እንዲሄድ እጠቁማለሁ። ያበጠውን ስልክ ቻርጅ ላይ አትስኩት፤ በጠባብ ኪስ አጣብቃችሁ ወይም ዕቃ በተጫነበት ቦርሳ ይዛችሁት አትጓዙ፤ በመኪናም ከፀሐይ አርቁት። ጠዋት ብትደርሱ ይሻላል፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ወረፋው ይረዝማል።