ቀለበቱን ማዞር፣ ሞላ መቀየር ወይስ አዲስ ሾክ? ለኪሏችሁ የሚሆነውን ለመምረጥ

«የሞተሬ የኋላ ሾክ ለሰለሰብኝ» ብላችሁ መለዋወጫ ሱቅ ብትገቡ ባለሱቁ አዲስ ጥንድ ሾክ ያወርድላችኋል። መካኒክ ጋ ብትሄዱ ደግሞ ሾኩ ላይ ሞላውን የሚያፍነውን ቀለበት እስከ መጨረሻው አዙሮ «አሁን ጠንክሯል» ይላችኋል። ሁለቱም ስንት ኪሎ እንደሆናችሁ አይጠይቁም። ፋብሪካው ግን ሞላውን (ስፕሪንጉን) የመረጠው አንድ ክብደት አስቦ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ከ70 እስከ 80 ኪሎ የሚሆን ሰው። እናንተ 58 ወይም 98 ኪሎ ከሆናችሁ፣ ወይም ከኋላ ሰው ሳትጭኑ የማትውሉ ከሆነ፣ ሞተሩ እንደወጣ ላይስማማችሁ ይችላል።

መንገዱ ሦስት ነው። ያለውን ቀለበት ማዞር በነጻ ነው። ሞላውን ብቻ መቀየር መካከለኛ ወጪ አለው። ሾኩን በሙሉ መቀየር ኪስ ይነካል። የትኛው እንደሚያስፈልጋችሁ ለማወቅ አንድ ሜትርና አንድ ሁለት ጓደኛ ይበቃል።

ሳጉን መለካት

ሳግ የሚባለው ሞተሩ ላይ ክብደት ሲያርፍ ሾኩ ወደ ታች የሚቀመጠው መጠን ነው። ከኋላ ጎማው መሃል ብሎን ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡና ከመቀመጫው ሥር በፕላስተር ምልክት አድርጉ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ሦስት ጊዜ ይለካል።

አንደኛው የኋላ ጎማ ከመሬት ተነስቶ፣ ሾኩ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ ነው። ሞተሩ የመሃል ማቆሚያ ካለው እዳው ገብስ ነው። ሁለተኛው ሞተሩ ብቻውን በሁለት ጎማው ቆሞ። ሦስተኛው እናንተ ሄልሜቱንም፣ ጃኬቱንም፣ ቦርሳውንም እንደያዛችሁ ተቀምጣችሁ፣ እግራችሁን መርገጫው ላይ አድርጋችሁ። አንድ ሰው ከፊት መሪውን ይደግፋል፣ ሌላው ይለካል። መሬት በእግር ከነካችሁ ልኬቱ ውሸት ነው።

ለምሳሌ ተዘርግቶ 600 ሚሊ ሜትር፣ ብቻውን 592፣ ከእናንተ ጋር 565 ከሆነ፣ ሞተሩ በራሱ ክብደት 8 ሚሊ፣ ከእናንተ ጋር ደግሞ 35 ሚሊ ተቀምጧል። ሾክ ትንሽ ያዝ ስለሚያደርግ አንዴ ጫን አድርጋችሁ ልቀቁና ለኩ፣ አንዴ ወደ ላይ አንስታችሁ ልቀቁና ለኩ፣ መካከለኛውን ውሰዱ።

ለአስፋልት ሞተር ከነሰው ከ30 እስከ 35 ሚሊ ሜትር፣ ብቻውን ከ5 እስከ 10 ጥሩ ነው። የክሮስ ሞተር የኋላ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ወደ 300 ሚሊ ሜትር ስለሚሄድ ከነሰው 100 ሚሊ አካባቢ ይቀመጣል፣ ብቻውን ከ30 እስከ 40። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ሲሶውን ያዙ፤ የኋላ ጎማው ወደ ላይና ወደ ታች ከሚሄድበት ርቀት አንድ ሦስተኛው አካባቢ ከእናንተ ክብደት ጋር ማለቅ አለበት።

ቀለበቱ ሞላውን አያጠነክርም

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ቀለበቱን ስታጠብቁ ሞላው ከመጀመሪያውኑ ትንሽ ታፍኖ ይጠብቃል፤ ፕሪሎድ የሚባለው ይኸው ነው። በ20 ኪሎ 10 ሚሊ ሜትር የሚወርድ ሞላ አለ እንበል። 10 ሚሊ ፕሪሎድ ብትሰጡት የመጀመሪያዎቹን 20 ኪሎዎች ሳይንቀሳቀስ ይሸከማል። ከዚያ በኋላ ግን እያንዳንዱ 20 ኪሎ እንደ በፊቱ 10 ሚሊ ያወርደዋል። ጥንካሬው አልተለወጠም። የተለወጠው ሞተሩ የሚቆምበት ከፍታ ነው።

ስለዚህ ቀለበቱን አዙራችሁ ከነሰው 35 ሚሊ ካገኛችሁ በኋላ ሞተሩ ብቻውን ስንት እንደሚቀመጥ እንደገና ተመልከቱ። ብቻውን ምንም የማይወርድ ከሆነ ሞላው ለእናንተ ለስላሳ ነው፤ ከሚገባው በላይ ስለታፈነ ነው ቀጥ ብሎ የቆመው። ሰው ሳይነካው ብዙ ከወረደ ግን ሞላው ለእናንተ ጠንካራ ነው። ሲያዩት ተቃራኒ ይመስላል። ግን እንዲያ ነው፣ ሾክ የሚሸጥ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቅ ስንት ብር በዳነ።

ሦስቱ ጎን ለጎን

ቦክሰርና ቲቪኤስ ኤችኤልኤክስን የመሳሰሉት ከኋላ ሁለት ሾክ አላቸው፣ ሥራቸውም ጭነት ነው። ቀለበታቸው ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተቆረጠ ነው፤ በጥምዝ ቁልፍ ሲዞር «ቀጭ» ብሎ ቀጣዩ ደረጃ ላይ ይቀመጣል። ግራና ቀኙ እኩል ደረጃ ላይ መሆን አለበት። አንዱ ሁለተኛ ሌላው አራተኛ ላይ ሆኖ የሚሄድ ሞተር ግን መንገዱ ሙሉ ነው። ቁልፉ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይመጣል፤ ከጠፋ ግዙ፤ በካቻቢቴና በመዶሻ እየተመታ ጠርዙ የተበላ ቀለበት በኋላ ማንም አያዞረውም። ከ60 እስከ 85 ኪሎ ለሆነ፣ አልፎ አልፎ ሰው ለሚጭን፣ ከዚህ ማለፍ ገንዘብ መበተን ነው። ሰው ሲወርድ ቀለበቱን መመለስ እንዳይረሳ ብቻ። ብቻውን በመጨረሻው ደረጃ የሚነዳ ሰው ኮብልስቶን ላይ ወገቡ ይነግረዋል።

ነጠላ ሾክ ያላቸው ላይ፣ ለምሳሌ ሱዙኪ ዲአር 650 ላይ፣ ጥርስ ያለው ሁለት ቀለበት አለ፤ የላይኛውን ፈታችሁ የታችኛውን ታዞራላችሁ። ልኬቱ ትክክል ይመጣል፣ ግን ቦታው ጠባብ ነው፣ እጅ ይቆሽሻል። በየቀኑ ጭነት የሚለዋወጥበት ሰው ይሰለቸዋል። ሱዙኪ ቪ ስትሮም 650 ላይ ያለው ዓይነት፣ በጎን በኩል በእጅ የሚዞር፣ በዘይት ግፊት ሞላውን የሚያፍን ማስተካከያ፣ ለእንዲህ ያለው ሰው ይሻላል። አዲስ ሾክ ስትመርጡ ተጨማሪ ብር የሚገባው ለዚህ ነው፣ ለወርቃማ ቀለሙ አይደለም።

ሞላ ብቻ መቀየር የሚያዋጣው ሾኩ ጤነኛ ሆኖ፣ ከነሰው ያለው ልኬት ተስተካክሎ ሞተሩ ብቻውን የሚቀመጥበት ቁጥር ግን አልስማማ ሲል ነው። በነጠላ ሾክ ሞተር 95 ኪሎ የሚመዝን ሰው እዚህ ይወድቃል። በእኔ ግምት ከሦስቱ ለብሩ የሚመልሰው ይህ ነው፣ እኛ ጋ ግን ብዙም አይታሰብበትም። ሞላው ብቻውን ስለሆነ ከውጭ የሚመጣ ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣው ይችላል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ ሞላው ታፍኖ ነው ያለው፤ ያለ መጭመቂያ መሣሪያ የሚፈታ ሰው ፊቱን ሊያጣ ይችላል። ደግሞም ጠንካራ ሞላ በኃይል ስለሚመለስ የመመለሻ ማስተካከያ ካለው ትንሽ ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ሙሉ ሾክ የሚቀየረው ሾኩ ሲሞት ነው። የሞተ ሾክ ያስታውቃል። ኋላውን ጫን አድርጋችሁ ስትለቁት አንዴ ተነስቶ መርጋት ሲገባው ሁለት ሦስቴ ይነጥራል፣ ወይም ዘንጉ ላይ ዘይት አለ። እንዲህ ከሆነ ቀለበት ማዞር ምንም አይፈይድም። ስትገዙ ከአንዱ ዓይን (ብሎኑ የሚገባበት ቀዳዳ) መሃል እስከ ሌላው ዓይን መሃል ያለው ርዝመት ከድሮው ጋር እኩል መሆኑን በሜትር አረጋግጡ። ተፈትቶ የሚታደስ ከሆነ ይመረጣል፤ ርካሾቹ ተዘግተው የተሠሩ ስለሆኑ ሲሞቱ ይጣላሉ። እንደ ስዊድኑ ኦሊንስ፣ እንደ ታይላንዱ ዋይኤስኤስ ወይም እንደ እንግሊዙ ሃጎን ያሉትን የምታዝዙ ከሆነ ክብደታችሁን ይጠይቋችኋል። ከነልብሳችሁ፣ ከነጫማችሁ ተመዝናችሁ ንገሯቸው። ሰው የምትጭኑ ከሆነ እሱንም ጨምሩ። አሥር ኪሎ ቀንሳችሁ ብትነግሯቸው የሚመጣው ሞላ ለሌላ ሰው የሚሆን ነው።

የፊቱን ሾክ ነገር አጠር ላድርገው። ርካሽ ሞተሮች ላይ የፊቱ ማስተካከያ የለውም። ከባድ ሰው ከሆናችሁ ቱቦው ውስጥ ከሞላው በላይ የምትገባ አጭር ቧንቧ፣ ወይም ጠንካራ ሞላ ያስፈልጋል። ወፍራም ዘይት መጨመር እንቅስቃሴውን ያዘገየዋል እንጂ ሳጉን አይለውጥም።

ከሦስቱ የትኛውንም ብታደርጉ ሳጉን እንደገና ለኩ፤ አዲስ ሞላ ከሆነ ትንሽ ከሄደ በኋላም አንዴ መለካት አይጎዳም። የፊት መብራቱንም እዩት። የኋላው ከፍ ሲል መብራቱ ወደ መሬት ያዘነብላል፤ ለረጅም ጊዜ ኋላው ተቀምጦ የቆየ ሞተር ከሆነ ደግሞ መብራቱን አንድ ሰው ያን ጊዜ ዝቅ አድርጎት ሊሆን ይችላል።