አብላጫ ድምፅ ወይስ ተመጣጣኝ ውክልና? ከድሬዳዋ ሲታይ

በድሬዳዋው ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር የምርጫ ሥርዓት ክርክሩ ሲሟሟቅ ስለ መርሕ የማያወራ የለም፤ ሒሳቡን የሚሠራ ግን ጥቂት ነው። 10,000 ድምፅ እንውሰድ፦ ፓርቲ ሀ 4,200፣ ለ 3,100፣ ሐ 2,700።

አብላጫ ድምፅ (የአሁኑ፤ በምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያሸንፋል)፦ ሀ ወንበሩን ይወስዳል፤ 5,800 ድምፅ ሜዳ ላይ ይቀራል። ቆጠራው ቀላል ነው፤ ወኪልህንም በስም ታውቀዋለህ። አደጋው በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ታይቷል፦ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም የተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ጠቀለሉ። አስፈጻሚውን ማን ይጠይቀው?

ተመጣጣኝ (ወንበር በድምፅ መጠን ሲከፋፈል)፦ ለ10 ወንበር፣ አንዱ በ1,000 ድምፅ። 4፣ 3፣ 2 ይደርሳቸዋል፤ የቀረው 1 ወንበር ትልቁን ትራፊ (700) ለያዘው ሐ ይሄዳል። ጭቅጭቅ የሚነሳው እዚህች ትራፊ ላይ ነው። የእጩዎችን ተራ ፓርቲው የሚወስን ከሆነ ደግሞ ተመራጩ ከመራጩ ይልቅ አለቃውን ይፈራል።

የለውጡ ወጪ፦ ለተወካዮች ምክር ቤት ተመጣጣኙን ለማምጣት የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሻሻል አለበት፤ ይህም የሁለቱን ምክር ቤቶች (የተወካዮችና የፌዴሬሽን) የጋራ ስብሰባ ሁለት ሦስተኛ ድምፅና የክልል ምክር ቤቶችን ሁለት ሦስተኛ ይጠይቃል። ቀልድ አይደለም።

ድሬዳዋ በተወካዮች ምክር ቤት ያላት 2 መቀመጫ ነው። በሁለት ወንበር ምን ይመጣጠናል? እዚያ አብላጫው ይሻላል። ብዙ ወንበር ላለውና ኦሮሞው፣ ሶማሌው፣ አማራው፣ ጉራጌው በአንድ ሰፈር ለሚኖርበት ለከተማው ምክር ቤት ግን ተመጣጣኙ ይስማማል።