ስሟን እንዳልጽፍ ላስማለችኝ የላቦራቶሪ ባለሙያ

ይህን ጽሁፍ ከጀመርኩት ሳምንት አለፈኝ። እጽፋለሁ፣ አለቅሳለሁ፣ እተወዋለሁ። ዛሬ ግን ሳልጨርስ አልነሳም።

ልጄ 5 ዓመቱ ነው። ሁለት ዓመት ተኩል ሲሆነው ትኩሳት ያዘው። ትኩሳቱ በሦስተኛው ቀን ለቀቀው፤ እንደ ድሮው መራመዱ ግን አልተመለሰም። ከዚያ ወዲያ መንከራተት ሆነ። አንዱ "ሰነፍ ነው፣ አትሸከሚው" አለኝ። ሌላው "ሲያድግ ይተወዋል" ብሎ ሸኘኝ። ደሙ ውስጥ ላክቴት የሚባለው፣ ሴሎች ኃይል ሲያወጡ የሚተርፍ ነገር ከፍ ብሎ ሲገኝ ደግሞ "ሲወጋ ስላለቀሰ ነው" ተባልኩ። ለቅሶ ላክቴትን ከፍ ሊያደርግ እንደሚችል አሁን አውቃለሁ። ግን አራት ጊዜ? አንዱንማ ተኝቶ ነው የተቀዳው!

ከሁሉ የባሰው ግን ሌላ ነው። አንድ ሐኪም ወረቀቱን አየት አደረገና "የማይቶኮንድሪያ፣ ማለትም የሴሎች ኃይል ማምረቻ ችግር ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከእናት ነው የሚወረሰው" ብሎኝ ወጣ። በቃ፣ ይሄው ነው። ስምንት ወር ሙሉ የልጄን ፊት ባየሁ ቁጥር "እኔ ነኝ የሰጠሁህ" እያልኩ ኖርኩ። አማቴ ፊት ቀና ማለት አቃተኝ።

በመጨረሻ አንዲት የዘረመል ሐኪም፣ ሴሎች ኃይል እንዴት እንደሚያመርቱ ወደሚያጠና ላቦራቶሪ ላከችን። የጂን ምርመራው አጠራጣሪ ነገር ጠቁሞ ነበር፤ ማረጋገጥ ያስፈልግ ነበር። ከክንዱ ላይ ትንሽዬ ቆዳ ወሰዱ። ሴሎቹ እስኪባዙ ሳምንታት ጠበቅን።

ያቺን የላቦራቶሪ ባለሙያ ያገኘኋት ያኔ ነው። "ሊያዩዋቸው ይፈልጋሉ?" አለችኝ። ማይክሮስኮፑ ላይ ጎንበስ አልኩ። ረዘም ረዘም ያሉ፣ ጫፋቸው የሾለ፣ እንደ ዓሣ መንጋ ወደ አንድ አቅጣጫ የተሰለፉ። "የእሱ ናቸው" አለችኝ። ደህና ይመስሉ ነበር። ግሉኮስ እስካገኙ ድረስ በአቋራጭ መንገድ ኃይል እያወጡ ይኖራሉ አለችኝ፤ ላክቴቱም የሚበዛው በዚያው መንገድ ነው። ግሉኮሱን አንስተው ጋላክቶስ የሚባል ሌላ ስኳር ሲሰጧቸው ግን አቋራጩ አያዋጣም፣ ማይቶኮንድሪያው ራሱ መሥራት አለበት። የጤነኛ ሰው ሴሎች ቀጠሉ። የልጄ አለቁ። ስለ ኦክስጅን አጠቃቀማቸውም ግራፍ አሳይታኝ ነበር፤ አንዱም አልገባኝም፣ አልዋሽም። ልጄ ሰነፍ እንዳልሆነ ግን ገባኝ።

ያን ጊዜ የሆዴን ጠየቅኳት። "ከእኔ ነው አይደል?"

ጓንቷን አወለቀች። ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። "ማይቶኮንድሪያ የራሱ 37 ጂኖች አሉት፤ ከእናት የሚመጡት እነሱ ናቸው። ለሥራው ግን ከሺህ የሚበልጡ ፕሮቲኖች ያስፈልጉታል፤ የአብዛኞቹ ጂን ያለው በሴሉ እምብርት፣ ኒውክሊየስ ውስጥ ነው። የልጅዎ ችግር እዚያ ነው። አንዱ የተበላሸ ቅጂ ከእርስዎ፣ አንዱ ከአባቱ። ሁለታችሁም ጤነኞች ስለሆናችሁ ልታውቁ አትችሉም ነበር። ደግሞ ከእናት ብቻ ቢሆንስ? ማን መርጦ ያወርሳል?"

እንዳለቀስኩ አልነግራችሁም። የሥራ ሰዓቷ አልፎ ነበር፣ አንድም ጊዜ ሰዓቷን አላየችም።

የሚያድን መድኃኒት የለም፤ ይህንንም አልደበቀችኝም። ሐኪሟ ግን አሁን ምን እንደምታደርግ ታውቃለች። ትኩሳት ሲይዘው ቶሎ እንሄዳለን፣ ሆዱን ባዶ ረጅም ሰዓት አይቆይም። መጠንቀቅ ያለብን መድኃኒቶች በፋይሉ ሽፋን ላይ ተጽፈዋል። ለምሳሌ የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሆነው ቫልፕሮየት በአንዳንዱ የማይቶኮንድሪያ በሽታ ጉበትን ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል።

ልጃችሁ ከሕመም በኋላ የለመደውን ነገር ከረሳ፣ ላክቴቱ እየተመላለሰ ከፍ ካለ፣ እባካችሁ "ሲያድግ ይተወዋል" የሚላችሁን ሰምታችሁ ዝም አትበሉ። ወደ ዘረመል ሐኪም ላኩን በሉ። ሴሎቹ ይመርመሩ እንደሆነ ጠይቁ። የእኔን ላቦራቶሪ ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እነግራችኋለሁ። ስሟን ግን አልጽፍም፣ አስምላኛለች። እህቴ፣ ካነበብሽው ፈጣሪ ይስጥሽ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

የተረፉት ሴሎቹ በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ተቀምጠዋል። አዲስ ነገር ሲመጣ ይሞከርባቸዋል አለችን። ልጄ ይህን ሰምቶ ማታ ማታ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። "እማ፣ አይበርዳቸውም?"