ሊዝበን ላይ ዢንዢኛ ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን አንብቡ

ከሱቁ ከወጣሁ ሁለት ሰዓት አልሞላኝም። አሁንም ደሜ እንደፈላ ነው።

ሊዝበን የረገጠ ሰው ዢንዢኛን ያውቀዋል። ጎምዛዛ ቼሪ ከስኳር ጋር አረቄ ውስጥ ተዘፍዝፎ የሚሠራ፣ በትንሽዬ ብርጭቆ የሚቀዳ መጠጥ ነው። ሳኦ ዶሚንጎስ አደባባይ ያለችው ጠባብ ቤት ከ1840 ጀምሮ ትሸጠዋለች። «ኮም ኤላሽ» ካላችሁ ፍሬውን ጨምረው ይቀዱላችኋል። ትናንት እዚያ ቀምሼ በጣም ወደድኩት። ጠርሙሱንም እዚያው ይሸጡ ነበር። ለምን እንዳልገዛሁ እስካሁን አልገባኝም። ዛሬ ለአጎቴ ፍራንክፈርት ልውሰድለት ብዬ ሆቴሌ አጠገብ ያለ የስጦታ ዕቃ ሱቅ ገባሁ።

እነዚህን ሱቆች ታውቋቸዋላችሁ። በር ላይ ቅምሻ ይዞ የሚጠብቅ፣ «ከየት ነሽ?» እያለ የሚያስገባ።

ሻጩ ባንኮኒው ላይ ከቆመው ጠርሙስ ቀዳልኝ። ወፈር ያለ፣ ጠቆር ያለ ቀይ፣ ቼሪው ከታች ተደራርቦ ይታያል። ቀረፋ ቀረፋ ይሸታል። «ይሄንኑ ስጠኝ» አልኩት። እሺ ብሎ ጎንበስ አለና ከባንኮኒው ስር በወረቀት የተጠቀለለ፣ በሪባን የታሰረ ጠርሙስ አወጣ። ቅርጹ እንደሚለይ ዓይኔ አይቷል። ግን ከኋላዬ ሰው ተሰልፏል፣ ሻጩም ፈገግ ብሎ ያየኛል። ፍታልኝ ማለት ነውር መሰለኝ። ይሉኝታዬ 32 ዩሮ አስከፈለኝ።

ሆቴል ገብቼ ፈታሁት። አንድ ፍሬ የለውም። መብራት ላይ ሳነሳው እንደ ልጆች የሳል ሽሮፕ ወዲያ ማዶ ያሳያል። ከጀርባው በደቃቅ ፊደል ስኳር፣ የቼሪ ጣዕም፣ ማቅለሚያ ይላል። ቼሪ ራሱ የለበትም። ስኳር በቀለም በጥብጦ ጠጅ ነው ብሎ እንደ መሸጥ ነው።

ይዤው ተመለስኩ። ፈገግታው ጠፍቷል። ደረሰኙን ስሰጠው ጣቱን «ሊከር» (የጣፋጭ አረቄ ሁሉ የወል ስም) የሚለው ላይ አሳረፈ። «ዢንዢኛ የሚል የት አለ?» አለኝ። ለባልደረባው በፖርቱጋልኛ አንድ ነገር ወረወረለትና ተሳሳቁ። እኔ እዚያው ቆሜ፣ ከኋላዬ ለገባችው ሴት ቅምሻ ቀዳላት። ከዚያው ፍሬ ካለው ጠርሙስ!

«እሱን አይሸጥልሽም» አልኳት። ብርጭቆዋን አስቀምጣ ወጣች።

የምትገዙ ካላችሁ፣ ወረቀቱን አስፈትታችሁ የጀርባውን ጽሑፍ ሳታነቡ እንዳትከፍሉ። ቢያጉረመርሙም ያጉረምርሙ።