የኪስ ኢሲጂ ከ9 ወር በኋላ፦ ለማዘር የገዛኋት ነገር ጠቀመች ወይ?

ብራንዷን አልጠራም፣ ማስታወቂያም ክስም እንዳይመስልብኝ። የማስቲካ ፓኬት የምታክል፣ ላይዋ ላይ ሁለት ብረት ያላት፣ ከሁለቱም እጅ ጣት ጣት ስታስቀምጡባት የልብ ምታችሁን መስመር (ኢሲጂ የሚሉትን) በብሉቱዝ ስልካችሁ ላይ የምትስል ነገር ናት። የአክስቴ ልጅ ከሜሪላንድ ስትመጣ ይዛልኝ መጣች፣ ወደ 80 ዶላር ነው የፈጀችው። ማዘር ያለችው ደሴ ነው እኔ አዲስ አበባ፣ መሀላችን 400 ኪሎ ሜትር አለ፣ ይሄን ያዙልኝ።

ማዘር ልጅ ሆና ቶንሲል እየተመላለሰባት ልቧን ነክቷት ነበር፣ ሪውማቲክ የሚሉት መሆኑ ነው፣ ሚትራል የሚባለው ቫልቭ (ልብ ውስጥ ደም የሚያሳልፍ በር በሉት) ጠቦባት ስንት አመት በክትትል ላይ ነች (የልብ ክሊኒክ ወረፋ ላይ ተቀምጦ የሚያውቅ ሰው እንደሷ ያለ ስንት እንዳለ አይቶታል)። አምና ግን አዲስ ነገር መጣ፣ "ልቤ ውስጥ ወፍ የገባች ይመስለኛል" ማለት ጀመረች። ሌሊት ይነሳባታል፣ ጠዋት ሀኪም ጋ ስትደርስ ልቧ እንደ ሰዓት እየመታ ነው፣ ኢሲጂ ትነሳለች፣ ኖርማል። አንዱ ጨጓራ ነው አላት፣ አንዱ ጭንቀት ነው አላት፣ ልጆችሽ ራቁሽ እንዴ ብሎ የጠየቃትም አለ። ሆልተር የሚባለውን የልብ ምት መቅጃ 24 ሰዓት ደረቷ ላይ ለጥፈውላት ነበር፣ የዛን ቀን ደግሞ ወፏ ጭጭ። በነገራችን ላይ ሆልተር የሰው ስም ነው፣ ኖርማን ሆልተር የሚባል አሜሪካዊ በ1940ዎቹ መጨረሻ የመጀመሪያውን ሲሰራ ጀርባ ላይ የሚታዘል 38 ኪሎ የሚመዝን ሬዲዮ ማሰራጫ ነበር፣ አስቡት ማዘር ያንን አዝላ ገበያ ስትወጣ።

ከዛ ይቺ መጣች። በ19ኛው ቀን፣ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ማዘር እህቴን ቀሰቀሰቻት፣ ሁለቱም አልጋ ላይ ቁጭ ብለው 30 ሰከንድ ለኩ፣ ስልኩ 138 ምት፣ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን (የላይኛው የልብ ክፍል ምቱ ተዛብቶ ሲርገበገብ) ሊሆን ይችላል አለ፣ እህቴ ፒዲኤፉን በቴሌግራም ላከችልኝ፣ ጠዋት አይቼው ሱሪዬን እንዴት እንደታጠቅኩ አላውቅም በቃ ለዶክተሯ አደረስኩት። ዶክተሯ አፑ ምን እንዳለ ከነጭራሹ አላነበበችም፣ ቀጥታ መስመሩን ነው ያየችው። ምቶቹ መሀል ያለው ርቀት አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ነው፣ ከትልቁ ጫፍ በፊት መኖር የነበረባት ትንሽ ጉብታ ደግሞ የለችም፣ በቃ ይሄ ነው ወፉ አለችኝ። ቫልቭ የጠበበበት ሰው ላይ ይሄ ሲመጣ ደም ላይኛው የልብ ክፍል ውስጥ እየቆየ ይረጋል፣ የረጋው ወደ አንጎል ከሄደ ስትሮክ ነው። ማዘር በዛው ሳምንት መጥታ በደንብ ታየችና ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ዋርፋሪን ተጀመረላት፣ ምቱን የሚያበርደውም መድኃኒት ተስተካከለላት። እንደ ዋርፋሪን በየጊዜው የደም ምርመራ የማይፈልጉት አዳዲሶቹ ክኒኖች ለምን አይሆኑም ብዬ ጠይቄ ነበር፣ ሚትራል ቫልቩ እንዲህ ለጠበበ ሰው ዋርፋሪን ነው አለችኝ።

እና የመጀመሪያው መልሴ ይሄ ነው፣ ለኛ በሽታውን ያወቀችልን እሷ ሳትሆን ዶክተሯ ነች፣ መሳሪያዋ ያደረገችው የሌሊቱን 9 ሰዓት ይዛ ጠዋት ማድረስ ነው። እሱን ደግሞ ሌላ ማንም አላደረገልንም።

አሁን ወደ ምሬቱ። የመጀመሪያው ወር ግማሹ ልኬት "ሊነበብ አልቻለም" ነበር። አንደኛ ጣት፦ የማዘር እጅ የስራ እጅ ነው፣ ደረቅ ነው፣ ደረቅ ቆዳ ኤሌክትሪኩን በደንብ አያሳልፍም። ቫዝሊን ተቀብታ ስትይዘው ደግሞ ባሰ። አሁን ጣቷን በትንሽ ውሃ ነካ ታደርጋለች፣ አለቀ። በነገራችን ላይ በሁለት እጅ መሀል መለካት አዲስ ነገር አይደለም፣ አይንትሆቨን የሚባለው ሆላንዳዊ ከ100 አመት በፊት ሰዎችን እጃቸውን ጨው ውሃ ውስጥ እያስነከረ ነው የለካው፣ በ1905 ከሆስፒታል እስከ ላቦራቶሪው 1.5 ኪሎ ሜትር በስልክ ሽቦ የልብ ምት ልኳል፣ እኛ ደሴን በቴሌግራም ነን።

ሁለተኛ ወሬ። 30 ሰከንድ ሳይንቀሳቀሱ ሳያወሩ መቀመጥ ያስፈልጋል፣ ማዘር ደግሞ እየለካች "ያ ቡና ተቆላ?" ትላለች። በመጨረሻ እህቴ መላ አገኘች፣ አባታችን ሆይን በልብሽ ድገሚ አለቻት፣ እሱ ሲያልቅ ልኬቱም ወደማለቂያው ነው።

ሦስተኛው ግን እኔን ሁለት ሳምንት ያናደደኝ ነው። መስመሩ ሁሌ እንደ መጋዝ ጥርስ ደቃቅ ደቃቅ ጫፍ ይኖረዋል፣ ተበላሽታ ነው የመጣችው ብዬ የአክስቴን ልጅ ስጨቀጭቃት ከረምኩ። ለካ አፑ የተከፈተው አሜሪካ ነው፣ የመብራት ንዝረት ማጣሪያው 60 ኸርዝ ላይ ነው፣ የኛ መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። ሴቲንግ ገብቼ 50 አደረግኩት፣ ስልኩንም ቻርጅ ላይ ሰክተው እንዳይለኩ ነገርኳቸው፣ መስመሩ ጸዳ። ከውጭ የምታስመጡ ሰዎች መጀመሪያ እሱን እዩ።

ባትሪ፦ የምትወስደው ሲአር2016 የምትባለውን ክብ ባትሪ ነው። በ7ኛው ወር ስታልቅ እህቴ ሰዓት ሰሪ ጋ ሄደች፣ ሰውዬው ያው ናት ብሎ 2032 ሰጣት፣ ስፋታቸው እኩል ነው ግን 2032 ውፍረቷ እጥፍ ነው፣ ክዳኗ እምቢ ሲል እህቴ በጉልበት ልትዘጋው ስትል ቪዲዮ ኮል ላይ ጮኬ አስቆምኳት። የቁጥሩ መጨረሻ ውፍረቱ ነው፣ 16 ማለት 1.6 ሚሊ ሜትር።

ኔትወርክ ሲጠፋ ልኬቱ አይቆምም፣ መሳሪያዋና ስልኩ የሚነጋገሩት በራሳቸው ነው፣ ፋይሉ ይቀመጥና ኔት ሲመጣ ይላካል። ደካማው ስልኩ ነው፣ የማዘር አሮጌ ስልክ ላይ አፑ አልሰራም፣ ስለዚህ እህቴ ከሌለች ልኬት የለም። በአመት ክፍያ የሚከፈቱ ነገሮችም አሉ፣ በዶላር ካርድ ስለሆነ ትተነዋል፣ አልጎደለብንም።

ያልጠበቅኩት ጣጣ ደግሞ ማዘር ራሷ ናት። ሁለተኛው ወር ላይ አንድ ቀን 14 ጊዜ ለካች። ትለካለች፣ ትፈራለች፣ ስትፈራ ምቷ ይጨምራል፣ ሲጨምር ደግማ ትለካለች። ዶክተሯ ጠዋት አንዴ፣ ከዛ ውጭ ወፏ ስትመጣ ብቻ ብላ ከለከለቻት። ደግሞ ዋርፋሪን ልክ መሆኑን ይቺ ነገር አትነግርም፣ ለሱ አይ ኤን አር የሚባለው የደም ምርመራ ነው፣ የማዘር ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት። በጾም ወቅት ወርዶ ተገኘ፣ ለካ ጎመን በጎመን ሆናለች፣ ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ መድኃኒቱን ያዳክመዋል። መስመሩ በዛ ሰሞን ምንም አላሳየም፣ ሊያሳይም አይችልም።

ይሄንን ደግሞ በደንብ አንብቡት። በ5ኛው ወር የታች ቤቱ ጋሼ ደረታቸውን ጨምድዶ ያዛቸው፣ አላባቸው፣ ግራ እጃቸው ድረስ ወረደ፣ ልጃቸው እየሮጠች ያቺን ማሽን ስጡን ብላ መጣች። ለኩ፣ "ኖርማል" አለ። ጋሼ ፊታቸው በራ፣ በሉ እንግዲህ ሻይ አፍሉልኝ አሉ። እህቴ (ነፍሷን ይባርከው) ደወለችልኝ፣ እኔ መመሪያውን አንብቤዋለሁ፣ ይቺ መሳሪያ የምታየው ምቱ የተስተካከለ መሆን አለመሆኑን ነው፣ የልብ ድካምንም ሆነ የልብ ደም ስር መዘጋትን አታይም፣ ለሱ አስሩም ገመድ የሚለጠፍበት የሆስፒታሉ ኢሲጂ ነው። በባጃጅ ወሰዷቸው። ሃርት አታክ ነበር። ኖርማል የሚለውን ቃል አምነው ሻያቸውን ጠጥተው ቢተኙ ኖሮ ብዬ ሳስበው እስካሁን ይዘገንነኛል፣ አፑ ላይ ማስጠንቀቂያው አለ፣ ግን ደቃቅ ጽሁፍ ነው፣ ኖርማል የሚለው ደግሞ ትልቅና አረንጓዴ።

ልግዛ ወይ ለምትሉ፦ ወዲያ ወዲህ የሚል፣ ሀኪም ጋ ሲደርስ የሚጠፋ የልብ መርገብገብ ያለበት ሰው ቤታችሁ ካለ፣ መስመሩን የሚያይላችሁ ሀኪምም ካላችሁ፣ አዎ። ሀኪሙ ከሌለ 80 ዶላር ከፍላችሁ ጭንቀት ነው የምትገዙት። ፔስሜከር (ልብን የሚያስመታ ሰውነት ውስጥ የሚቀበር መሳሪያ) ያለው ሰው ሀኪሙን ሳይጠይቅ አይግዛ። ለደረት ህመም ከሆነ በጭራሽ፣ ሆስፒታል ሂዱ።

የማዘር የዛሬ ጠዋቱ 82 ነው፣ ወፏ ከመጣች ሦስት ሳምንት ሆናት። ጋሼም ድነው ጠዋት ጠዋት "እስቲ ያቺን ነገር አምጪያት" እያሉ ይመጣሉ፣ ማዘር ግን ቡና ብቻ ነው የምትሰጣቸው።