ቧንቧ ያላት የጠላ በርሜል ገዛሁ፣ እናቴ ግን ጋኗን አልጣለችም

ደሴ ፒያሳ ካለ የፕላስቲክ ዕቃ ሱቅ ነው የገዛኋት። 30 ሊትር የምትይዝ ነጭ በርሜል ናት፣ ክዳኗ ጎማ አለው፣ ከላይ ውሃ የሚሞላባት ጠመዝማዛ ቱቦ ከታች ደሞ ቧንቧ። ውጭ አገር ቤታቸው ቢራ የሚጠምቁ ሰዎች የሚጠቀሙባት ናት፣ እኔ ግን ለጠላ ነው የፈለኳት ምክንያቱም የጋኑ ጠላ በተከፈተ በሶስተኛው ቀን እየሆመጠጠ አስቸግሮን ነበር።

ቱቦዋን ወድጃታለሁ። ድፍድፉ ሲፈላ ጋዙ ብልቅ ብልቅ እያለ በውሃው ውስጥ ይወጣል የውጭ አየር ግን አይገባም፣ በጭቃ መምረግ ቀረ ማለት ነው። አየር ሲያገኝ እኮ አልኮሉን ወደ አቸቶ የሚቀይር ባክቴሪያ አለ። ጥንስሱ ላይ ግን አየር አይጎዳም እንደውም እርሾው ለመራባት ይፈልገዋል፣ ያኔ ደህና አርጋችሁ አማስሉ፣ አንዴ ከፈላ በኋላ ነው እጅ መሰብሰብ።

ችግሯ ቧንቧዋ ነው። የመጀመሪያው ጠላ ግሩም ነበር፣ ሁለተኛው በአራት ቀኑ ሸተተ፣ በርሜሏን በበረኪና አጥቤ በደንብ አለቅልቄ ነበር እኮ! ቧንቧዋን ፈትቼ ሳይ ጎማዋ ስር የደረቀ ድፍድፍ ተጋግሮ ላዩ ሻግቷል። እድፍ ካለ በረኪና ምንም አይሰራም፣ መጀመሪያ ፈታቶ መፈተግ ነው። እሱም በስፖንጅ፣ በሽቦ ከሆነ ፕላስቲኩ ይጫርና ባክቴሪያው ጭረቱ ውስጥ ይደበቃል።

ሌላው ደሞ ስትቀዱ በቀዳችሁት ልክ አየር ከላይ ትስባለች፣ የቱቦዋን ውሃ ሳይቀር ጠጥታ ጠላው ውስጥ ትጨምረዋለች፣ እኔ ለዛ ብዬ በውሃው ፋንታ አረቄ ነው የምሞላባት (ብትስበውም አይከፋም ሃሃ)።

እናቴ ደሞ «አንችዬ፣ ወይራ ባልታጠነ ዕቃ ጠላ?» አለችኝ፣ እውነቷን ነው ፕላስቲክ አይታጠንም፣ ያ የጭሱ ጣዕም የለም። አሁን ተስማምተናል፣ ድፍድፉ በበርሜሏ ይፈላል፣ ለሚካኤል ማህበር ዋዜማ በግራዋ ወደታጠበው በወይራ ወደታጠነው ጋን በጎማ ቱቦ እስከ ስሩ ዝቅ አርገን ሳናንቦጫርቅ እናወርደዋለን። በነጋታው ስለሚያልቅ አየሩ ጊዜ አያገኝም።

ከ5 4 እሰጣታለሁ። አንዷን የቀነስኩት የቧንቧዋ ጎማ ሲላላ መለወጫ ብጠይቅ ባለሱቁ «እሷ ብቻዋን የለችም፣ ሌላ በርሜል ውሰጅ» ስላለኝ ነው።