ሐዋሳ ላይ ብቻቸውን ለሚሠሩ ቴራፒስቶች፦ የቅዳሜው የሙያ ድጋፍ ቡድን

ዋናውን ነገር ላስቀድም። ሐዋሳ ውስጥ ስፒች ቴራፒስት (የንግግርና የአዋዋጥ ችግር የሚያክም)፣ ፊዚዮቴራፒስት ወይም ኦኩፔሽናል ቴራፒስት (ታካሚው የዕለት ሥራውን ራሱ እንዲሠራ የሚረዳ) ሆናችሁ ብቻችሁን የምትሠሩ ከሆነ ፒያሳ አካባቢ ቅዳሜ ከሰዓት የሚሰበሰበውን የሙያ ድጋፍ ቡድን ግቡበት። ገንዘቡ አያስቆጭም። ጉድለትም አለው፣ እሱንም እነግራችኋለሁ።

የንግግርና ቋንቋ ሕክምና በዲግሪ የሚሰጠው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ደግሞ ጎንደር። ተመራቂው ጥቂት ስለሆነ ወደዚህ የመጣ ሰው የሚያማክረው ባልደረባ አያገኝም። ሐኪሙ ሪፈር ይጽፋል፣ ነርሷ ታግዛለች፣ ግን የዚህ ልጅ ድምፅ ለምን በአፍንጫው ይወጣል ብሎ አብሮ የሚያስብ የለም። እናትየው "ዶክተር፣ ልጄ ይናገር ይሆን?" ትላለች። መልሱ የሚጠበቀው ከእናንተ ብቻ ነው።

ስልጠና አለ አይደል የሚል ይኖራል። አለ። ሐይቁ ዳር ያሉት ሆቴሎች ሰልጣኝ አጥተው አያውቁም። ሁለት ሦስት ቀን ስላይድ ታያላችሁ፣ አበል ትቀበላላችሁ፣ ሰርተፍኬት ይዛችሁ ትመለሳላችሁ። ሰኞ ክሊኒክ ስትገቡ የሚጠብቃችሁ ልጅ ግን ስላይዱ ላይ ያለውን ልጅ አይመስልም፣ አሰልጣኙም ሄዷል። እዚህ ቡድን ውስጥ ሰኞ የገጠማችሁን ቅዳሜ ይዛችሁ ትመጣላችሁ፣ የተባባላችሁትን ትሞክራላችሁ፣ በሚቀጥለው ቅዳሜ ምን እንደሆነ ትናገራላችሁ። እኔ የምከፍለው ለዚህ ክትትል ነው።

መካሪያችን በሙያው የቆዩ ስፒች ቴራፒስት ናቸው። መልስ ለመስጠት አይቸኩሉም። ኬዝ ሲቀርብ መጀመሪያ "አንቺስ ምን አሰብሽ?" ይላሉ፣ ቀጥለው "ቤተሰቡ ምን ፈልጎ ነው የመጣው?" ይላሉ። አዲስ ለገባ ሰው ደግሞ ሥራ ቦታው ድረስ ሄደው ጥግ ይዘው ይቀመጣሉ። ቼክሊስት የለም፣ ለአለቃ የሚላክ ሪፖርት የለም። ሲያልቅ ሻይ እየተጠጣ ያዩትን ይናገራሉ። ለአንዷ ባልደረባችን ያሏት "ከጠየቅሽው በኋላ ትንሽ ጠብቂው" ብቻ ነው። ቃል ለማውጣት የሚታገል ልጅ ያ ዝምታ ያስፈልገዋል፣ እኛን ግን እናቱ ፊት ዝም ማለት ይጨንቀናል።

በጣም የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ስትሮክ የመታቸው አባት ነበሩ፣ ውኃ በጠጡ ቁጥር ትን ይላቸዋል። መጽሐፉ ፈሳሹን አወፍሩት ይላል፣ ማወፈሪያ ዱቄቱ ግን ሐዋሳ ፋርማሲ ውስጥ ተፈልጎም አይገኝ። መካሪያችን አጥሚት አስፈልተው 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ አወጡ። መግፊያውን ነቅለው፣ ጫፉን በጣት ደፍነው፣ እስከ 10 ሞልተው ለቀቁትና 10 ሰከንድ ቆጠሩ። ከ1 ሚሊ ሊትር በታች ከቀረ ፈሳሹ እንደ ውኃ ቀጭን ነው። ከ1 እስከ 4 ከቀረ ደረጃ 1፣ ከ4 እስከ 8 ደረጃ 2፣ ከ8 በላይ ቀርቶ ትንሽ ትንሽ ከፈሰሰ ደረጃ 3። ኢድሲ የሚባለው ዓለም አቀፍ የፈሳሽ ውፍረት መለኪያ ነው፣ ለአጥሚትም ይሠራል። አጥሚት ሲበርድ እንደሚወፍር ስለምታውቁ የሚለካው በሚጠጣበት ሙቀት ነው። የታማሚው ልጅ ኩሽናዋ ውስጥ ራሷ መለካት ቻለች። ሁሉም ታማሚ ወፍራም አይታዘዝለትም፣ መጀመሪያ አዋዋጡ ይታያል። ሳል የለም ማለትም ችግር የለም ማለት አይደለም። ሳያስል ወደ ሳንባው የሚገባበት ሰው አለ፣ ከጠጣ በኋላ ድምፁ ውኃ የያዘ የሚመስል ከሆነ ተጠንቀቁ።

ሌላው የልጆችን አነጋገር የምንፈትሽባቸው የሥዕል ካርዶች ነገር ነው። ከውጭ የመጡት ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ስለሆኑ ጠ፣ ጨ፣ ቀ፣ ጸ የሚሉትን ድምፆች አይፈትሹም። ላንቃው ተሰንጥቆ የተሰፋለት ልጅ ደግሞ አፉ ውስጥ አየር አምቆ መያዝ ሲያቅተው በከ ወይም በተ ፋንታ ጉሮሮውን ዘግቶ ሊናገር ይችላል። እነ ጠና ቀን የመሳሰሉት የኛ ድምፆች ደግሞ ጉሮሮም አፍም አንድ ላይ ስለሚጠይቁ የትኛው ትክክል የትኛው ማካካሻ እንደሆነ ለመለየት የሰለጠነ ጆሮ ያስፈልጋል። ቡድኑ የራሱን ሥዕሎች እየሰበሰበ ነው፦ ጣት፣ ጫማ፣ ቁልፍ፣ ጠረጴዛ። ጠረጴዛን የምወዳት ጠንም ጴንም በአንድ ቃል ስለምታስጠራን ነው። በሲዳምኛም እየተሠራ ነው፣ ቋንቋውን አፋቸውን የፈቱበት ሁለት ባልደረቦች አሉን። አንዲት እናት "ልጁ እንዲናገር ቤት ውስጥ ሲዳምኛ ተዉ" ተብላ መጥታ ነበር። መካሪያችን ተቆጡ፣ ልክ ናቸው። ሁለት ቋንቋ ልጅን አያዘገይም፣ እናት በልቧ ቋንቋ ማውራቷን ስታቆም ግን ልጁ ብዙ ያጣል።

አሁን ጉድለቱ። ለሙያ ፈቃድ እድሳት የሚያገለግል የሲፒዲ (ተከታታይ የሙያ ማጎልበቻ) ነጥብ አያሰጥም፣ ነጥብ ብቻ የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ። ጊዜ አያከብሩም፣ ስምንት ሰዓት ተብሎ ሠላሳ ደቂቃ ይጠበቃል። ውይይቱ ወደ ንግግር ሕክምና ያደላል፣ ፊዚዮቴራፒስቶቹ ተራቸው እስኪደርስ ሰው መበተን ይጀምራል። ከዲላና ከይርጋለም በስልክ የሚገቡት ደግሞ ኔትወርክ ሲቆራረጥ ግማሹን አይሰሙም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የታካሚ ቪዲዮ በቴሌግራም ግሩፕ መላኩ ነው። ቤተሰቡ ፈቅዶም ቢሆን ቪዲዮው የት እንደሚደርስ ማንም አያውቅም። ተናገርን፣ አሁን ክፍሉ ውስጥ ከላፕቶፕ ብቻ እናያለን። የድምፅ ቅጂ ግን አሁንም አልፎ አልፎ ይላካል። ይህ መቆም አለበት፣ አስተባባሪዎቹ ይህን ካነበባችሁ ጨርሱት።

ወርሃዊ ክፍያው እኔ ጋ አንድ ታካሚ ለአንድ ቀጠሮ ከሚከፍለው ብዙም አይበልጥም፣ በወር አንድ ጊዜ ከመካሪያችን ጋር የግል ሰዓት ይጨምራል። ያንን ሰዓት ለኬዝ ብቻ አትጨርሱት። ከገጠር በአውቶቡስና በባጃጅ ሲመላለስ የቆየ ቤተሰብ ብር አልቆበት ሲቀር፣ ልጁ መሻሻል በጀመረበት ሰሞን ሲቀር፣ ያ ነገር ቤት ድረስ ይከተላችኋል። እሱንም አውርታችሁ ትወጣላችሁ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ነፃ ነው። ስትመጡ ያቃታችሁን አንድ ኬዝ ይዛችሁ ኑ፣ የታካሚውን ስም ግን ቤት ተዉት።